ጭሱን ተዉትና ሁለተኛውን መኪና እዩ

የድሪፍት (መኪናን ጅራቱን እያንሸራተቱ በጎን የመንዳት) ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶ የወጣ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ደስ ይላል፤ ግን ማን አሸነፈ?» አይፈረድበትም። ስለ ድሪፍት የምናውቀው በአብዛኛው ከፊልም፣ ከቲክቶክና ከሰፈር ወሬ የለቀምነውን ነው። ትኬት ቆርጠን ስንገባም ዓይናችን ጭሱ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ውድድሩ በአጠገቡ ያልፋል።

ነገሩ ደግሞ ለእኛ ሰው ሩቅ አይደለም። የአሜሪካው ፎርሙላ ድሪፍት የመጀመሪያውን የውድድር ዘመን በ2004 ካካሄደ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸውን አካባቢዎች ሲዞር ቆይቷል። ከፋሲካ ሰሞን ግድም ሎንግ ቢች ጎዳና ላይ የሚደረገው ውድድር፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ ከሎስ አንጀለሷ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም። አትላንታ ላለ ሰው ሮድ አትላንታ፣ ሲያትል ላለው ሞንሮ የሚገኘው ኤቨርግሪን ስፒድዌይ አለ። የባሕረ ሰላጤው አገሮችም የራሳቸው ውድድር አላቸው፤ እሱን ወደ በኋላ እናየዋለን።

«ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል»

ተመልካቹን ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይኼኛው ተረት ነው። ድሪፍት የሰዓት ውድድር አይደለም። በማጣሪያው እያንዳንዱ አሽከርካሪ ብቻውን ገብቶ ነጥብ ያገኛል። በዋናው ውድድር ግን ሁለት ሁለት ሆነው ይገባሉ፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል። ከዚያ ቦታ ተቀያይረው ይደግሙታል። ዳኞቹ ሁለቱንም ዙር አይተው ነው የሚፈርዱት።

የመሪው ሥራ ዳኞች ያሰመሩለትን መንገድ መኪናውን በሙሉ ማዕዘን በጎን አዙሮ፣ ሳይፈራ መንዳት ነው። የተከታዩ ሥራ ከዚህ ይከብዳል። መሪው በታጠፈበት ቦታ መታጠፍ፣ እሱ በያዘው ማዕዘን መሄድ፣ ከበሩ ሥር ሳይለይ እስከ መጨረሻው መዝለቅ አለበት። መሪው ካልተሳሳተ ወይም ከመስመሩ ካልወጣ በቀር ቀድሞት እንዲያልፍ አይፈቀድለትም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ከፊቱ ያለው መኪና በሚያወጣው ጭስ ውስጥ ሆኖ፣ መስታወቱ ነጭ ሆኖበት፣ ብዙ ጊዜ ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እየነዳ ነው።

ስለዚህ የሚታየው ሁለተኛው መኪና ነው። በተከታዩ የፊት ፓራውልትና በመሪው በር መካከል ያለውን ክፍተት ተከታተሉ። በተለይ ሁለቱ መኪኖች ከግራ ወደ ቀኝ ጅራታቸውን በሚያዞሩባት ቅጽበት ክፍተቱ ምን እንደሚሆን አስተውሉ። ደካማ ተከታይ እዚያ ላይ ሁለትና ሦስት ሜትር ይቀራል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ሊደርስበት ይሮጣል። ቀጥ ካለ ደግሞ ድሪፍቱ ተቋርጧል። ጎበዙ ግን ከመሪው ጋር እኩል ይገለበጣል፤ የፊቱ ሲዞር የኋላውም ይዞራል፣ መካከላቸው ያለው ክፍተት አይሰፋም። አንዴ ይህን ያየ ሰው ጭሱን ይረሳዋል።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው። መለየት ካልቻሉ ጥንዱ እንደገና ይሮጣል፤ ይህን ሕዝቡም ያውቀዋል፣ ውጤቱ ሳይነገር በፊት «ዋን ሞር ታይም!» እያለ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ሕዝቡ የሚጮኸው ጥንዱን ዳግም ለማየት ስለፈለገ እንጂ እኩል ስለነበሩ ላይሆን ይችላል፤ ዳኞቹም አይሰሙትም።

«ጭስ በበዛ ቁጥር ነጥብ ይበዛል»

ፎርሙላ ድሪፍት ላይ ዳኞቹ የሚያዩት መስመር፣ ማዕዘንና ስታይል ነው። ጭሱ የጎማው ላስቲክና ውስጡ ያሉት ዘይቶች በሰበቃ ሙቀት ተንነው የሚወጡት ነው። አሽከርካሪው ነዳጅ አጥብቆ መርገጡን ይመሰክራል፤ በራሱ ግን ነጥብ አያመጣም።

መስመር የሚባለው ዝም ብሎ የመንገዱ ቅርጽ አይደለም። አስፋልቱ ላይ በቀለም የተከለሉ ዞኖች አሉ፤ የኋላ ጎማ በእነሱ ላይ ማለፍ አለበት። በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል ደግሞ መኪናው አፍንጫውን አስጠግቶ የሚያልፍባቸው ነጥቦች አሉ። ሎንግ ቢች ላይ ከዞኑ ማዶ ያለው የኮንክሪት ግንብ ነው። ዞኑን ሞልቶ የሚነዳ ሰው የኋላ ፓራፋንጎውን ለግንቡ አስይዞ ነው የሚገባው። ትንሽ ካሳነሰ ነጥብ ያጣል፣ ትንሽ ካበዛ መኪናውን።

«ዳኝነቱ በስሜት ነው» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይነሳል። እውነት አለው፤ የሰው ዓይን ያለበት ዳኝነት ሁሉ ያጨቃጭቃል። ጃፓኖቹ ዲዋን በተባለው ውድድራቸው ለብቻ በሚደረገው ዙር ፍጥነትንና ማዕዘንን መኪናው ላይ በተገጠመ መሣሪያ እየለኩ ነጥብ ወደ መስጠት ሄደዋል። ሁለት መኪና ሲገጥም ግን ማሽኑ ብቻውን አይበቃም።

አንድ ማስተካከያ ልጨምር። ዱባይ ወይም ቤይሩት ሆናችሁ ሬድቡል ካር ፓርክ ድሪፍትን አይታችሁ ከሆነ ጭስ ነጥብ ያስገኛል ማለታችሁ ስህተት አይደለም። በዚያ ውድድር ከመንዳት ችሎታው ጋር የመኪናው ውበት፣ የሞተሩ ድምፅና ጭሱም ይቆጠራሉ። ሕጉ ሌላ ነው። እኔ ግን የሁለቱን መኪኖች ፍልሚያ አስበልጣለሁ።

«የሰፈራችን መኪና ሁሉ ይችላል»

አይችልም። ቶዮታ ቪትዝን ለምሳሌ የሚነዳት የፊት ጎማዋ ነው። የእጅ ፍሬን ስባችሁ ጅራቷን ልታንሸራትቱ ትችላላችሁ፤ ነዳጅ ስትረግጡ ግን የፊቱ ጎማ ይጎትትና ያቃናታል። ድሪፍትን ይዞ የሚያቆየው በነዳጅ የሚሽከረከር የኋላ ጎማ ነው፤ ፎርሙላ ድሪፍትም የሚቀበለው በኋላ ጎማ የሚነዱ መኪኖችን ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ አዲስ አበባ ላይ ዲኤክስ ብለን ከምንጠራቸው ኮሮላዎች መካከል ኬኢ70 የተባለችው በኋላ ጎማ ነው የምትነዳው። አባቶቻችን በእንክብካቤ ሲነዷት የኖሩት ይህች መኪና አውስትራሊያና ማሌዥያ ውስጥ የድሪፍት ልጆች የሚፈልጓት ናት። ከ1983 እስከ 1987 የተሠራችውና «ኢኒሻል ዲ» በተባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ ስሟ የገነነው ኤኢ86 የቅርብ ዘመዷ ናት።

ለውድድር የሚገባው መኪና ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ውጪው ኒሳን ሲልቪያ፣ ቶዮታ ሱፕራ ወይም ሙስታንግ ይመስላል፤ ውስጡ 1,000 የፈረስ ጉልበት ግድም ያለው ሞተር ነው። የፊት ጎማው ከመደበኛው እጅግ አብልጦ እንዲዞር ሆኖ ተሠርቷል። የኋላ ጎማ በአንድ ወይም በሁለት ዙር ያልቃል።

«የዱርዬ ጨዋታ ነው»

አጀማመሩ በከፊል የመንገድ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጃፓን ውስጥ ወጣቶች በሌሊት በተራራ መንገድ ላይ ነው የተለማመዱት። «ድሪፍት ኪንግ» የሚባለው ኬይቺ ቱቺያም ከዚያው ነው የወጣው። ግን ሙሉውን ታሪክ ስሙት። ቱቺያ መኪና ማንሸራተትን ያየው በ1970ዎቹ በእሽቅድምድም ሜዳ እንዲህ ይነዳ ከነበረው ከኩኒሚትሱ ታካሃሺ ነው። ታካሃሺ በ1961 የሞተር ብስክሌት ግራንድ ፕሪ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ነው። በ1995 ደግሞ ሁለቱ ከአኪራ ኢዳ ጋር በአንድ ሆንዳ ኤንኤስኤክስ በ24 ሰዓቱ ለማን ውድድር በምድባቸው አንደኛ ወጡ። «ድሪፍት የሚያደርግ እሽቅድምድም አይችልም» ለሚል ሰው ይህ ይበቃዋል።

«ድሪፍትን የፈጠረው ቶኪዮ ድሪፍት የተባለው ፊልም ነው» የሚሉም አሉ። ፊልሙ በ2006 ነው የወጣው፤ ፎርሙላ ድሪፍት ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር። ቱቺያ ራሱ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ለአፍታ ይታይበታል።

ከሕጋዊው ውድድር ጋር የሚምታታው ጎዳና ዘግቶ መኪና ማሽከርከር ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ በመኪናውና በተመልካቹ መካከል ምንም ነገር የለም። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2016 ባጠበቀችው ሕግ ለመጀመሪያ ጥፋት 20,000 ሪያል ትቀጣለች፣ መኪናውንም ለ15 ቀን ትይዛለች። የካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ በ2019 ቆሞ የሚያየውንም ሰው የሚያስጠይቅ ደንብ አውጥታለች። «እኔ ዝም ብዬ ነው የቆምኩት» የሚለው ምክንያት እዚያ አያድንም።

«ከአጥሩ ሥር ያለ ቦታ ይሻላል»

ለፎቶ ይሻላል፤ ለማየት አይሻልም። ከሥር የቆመ ሰው መኪኖቹ በፊቱ ሲያልፉ ብቻ ያያል፣ ከዚያ በጭስ ይሸፈናል። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ግን ከመግቢያው እስከ መውጫው ያለውን ክፍተት ይከታተላል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አይታችሁ ተቀመጡ። የጎማ ፍርፋሪ አንገትጌ ላይ፣ ፀጉር ውስጥ፣ የተከፈተ ምግብ ላይ ይዘንባል፤ ነጭ ልብስ ለሌላ ቀን ይቆይ፣ መነጽርም አይረሳ። ድምፁ ለሕፃን ጆሮ አደገኛ ነው፤ ጆሮ የሚሸፍን መከላከያ ሳትይዙ ልጅ አታምጡ።

ብዙ ሰው መኪኖቹ የሚጠገኑበት ሰፈር ለተመልካች ዝግ ይመስለዋል። ፎርሙላ ድሪፍት ላይ የቡድኖቹን ድንኳን እየዞሩ ማየት፣ አሽከርካሪዎቹንም ማነጋገር ይቻላል። መኪናው የተጋጨበት ቡድን የተወሰነ ደቂቃ ጠይቆ ሊጠግን ይፈቀድለታል። ያን ጊዜ አንዱ መካኒክ በክሪክ ያነሳል፣ ሌላው የተጣመመውን ቸርኬ ይፈታል፣ ሦስተኛው የተሰነጠቀውን ፓራውልት ቀዳድቶ በፕላስቲክ ማሰሪያ እንደ ጆንያ አፍ ይሰፋዋል። ሰዓቱ ካለፈ ተጋጣሚው ያልፋል። የቀኑ ምርጥ ፍልሚያ አንዳንዴ ይኼ ነው።

«በቴሌቪዥን ካየሁት ምን ቀረኝ?»

ድምፁ፣ ሽታውና የመሬቱ መንቀጥቀጥ ቀረባችሁ። ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስርጭቱ ይሻላል። መኪኖቹን በድሮን ከላይ እየተከተለ ክፍተቱን ያሳያል፤ በዩቲዩብም በነጻ ይተላለፋል። እንግዲህ ሜዳው ላይ ተቀምጣችሁ ዙሩን በዓይናችሁ እዩ፣ ፍርዱ እስኪነገር ደግሞ ድጋሚውን በስልካችሁ ተመልከቱ። ስርጭቱ ከሜዳው ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፤ ለዚህ ሥራ ግን መዘግየቱ ይጠቅማል።