ላምን በክረምት ስለ መጠበቅ

ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ ክረምት ሲገባ መስኩ ሁሉ ይለመልማል። ይሁን እንጂ ሣር ሳይጎድልባት የከረመች ላም፥ ክረምቱ ሲወጣ ከስታና ወተቷ ቀንሶ የምትገኝበት ጊዜ አለ። ለዚህ አንዱ ምክንያት የጉበት ትል ነው። ይኸውም በረግረግ ከሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በሣር ላይ ይጣበቃል፤ ላሚቱም ከሣሩ ጋር ትውጠዋለች።

ስለዚህ፥ ክቡራን አንባቢዎች፥ ላሞቻችሁን ከረግረጉ አርቃችሁ በተዳፋቱ መስክ አሰማሩ፤ የምንጭም ውኃ ቀድታችሁ አጠጡ። የትሉን መድኃኒት ዓይነትና ጊዜ ከእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። የበረቱን ፍግ በየማለዳው ጠርጋችሁ ደረቅ ገለባ አንጥፉ፤ እርጥብ መኝታ ለጡት በሽታ ያጋልጣልና። ከማለባችሁም በፊት እጃችሁንና የላሚቱን ጡት አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። የላሚቱ ጤና የሕፃናቱ ወተት ነውና ይህን ጥቂት ድካም አትሰልቹ።