የፉርሽካው ዋጋ እና የካልሲየሙ ዕዳ

የፉርሽካ ዋጋ መወደድ ከደብረ ብርሃን እስከ ሐዋሳ በጋሪ ፈረስ የሚተዳደሩ ሰዎች የዘወትር እሮሮ ሲሆን፣ ለእሮሮው በብዛት የሚሰጠው ምላሽ ደላላ መሀል ገብቶ ዋጋ ሰቅሏል የሚል ነው። ደላላው ድርሻ አይጠፋውም፤ ይሁን እንጂ ገበያውን አጥብቆ የያዘው ፉርሽካ የዱቄት ፋብሪካ ተረፈ ምርት መሆኑ፣ ማለትም ከ100 ኪሎ ስንዴ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ዱቄት ከወጣ በኋላ ከሚቀረው ክፍል የሚገኝ መሆኑ ነው። ፋብሪካው የሚፈጨው ዱቄት ስለተፈለገ እንጂ ፉርሽካ ስለተወደደ ባለመሆኑ፣ የወተት ላም አርቢው፣ ከብት አድላቢውና ባለጋሪው በአንድ ከረጢት ላይ ቢሻሙም አቅርቦቱ በዋጋ ጥሪ ብቻ አይጨምርም። ይህ ለብዙ አንባቢ ግልጽ ስለሆነ በዚሁ ይታለፋል፤ በስሕተት ሲብራራ የሚኖረው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱም በውድ የተገዛው ፉርሽካ በፈረሱ አጥንት ላይ የሚጽፈው ዕዳ ነው።

የተለመደው ማብራሪያ ፉርሽካ ካልሲየም ስለሚያንሰው ካልሲየም ያለበትን ማንኛውንም ማዕድን መጨመር ይበቃል የሚል ሲሆን፣ ይህ አባባል መጠንን ከምጣኔ ጋር ያደባልቃል። 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የጋሪ ፈረስ በቀን 3 ኪሎ ፉርሽካና 4 ኪሎ የጤፍ ጭድ ይበላል እንበል። በመኖ ሰንጠረዦች መሠረት የፉርሽካ ፎስፈረስ 1.1 በመቶ፣ ካልሲየሙ 0.12 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ ጭዱ 0.3 በመቶ ያህል ካልሲየምና 0.1 በመቶ ያህል ፎስፈረስ አለው ተብሎ ቢታሰብ፣ ፈረሱ በቀን 16 ግራም ገደማ ካልሲየምና 37 ግራም ገደማ ፎስፈረስ ያገኛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2007 ባሳተመው የፈረስ አመጋገብ መመሪያ 500 ኪሎ ለሚመዝን ቀላል ሥራ ለሚሠራ ፈረስ የተቀመጠው የቀን ካልሲየም 30 ግራም ነውና፣ ለግማሹ ክብደት 15 ግራም ይደርሳል ማለት ነው። እንግዲህ ነገሩ በመጠን ብቻ ቢለካ ይህ ፈረስ ጉድለት የለበትም፤ በወረቀት ላይ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው ለእያንዳንዱ ግራም ካልሲየም ከሁለት ግራም በላይ ፎስፈረስ በመግባቱ ላይ ሲሆን፣ ጤናማ የሚባለው ምጣኔ ግን ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፈረሱ እኩል፣ ቢቻልም አንድ ተኩል እጥፍ የሆነበት ነው።

የተዛባው ምጣኔ ጉዳት የሚጀምረው ከአንጀት ነው። በፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አብዛኛው ፋይቴት በሚባል ውሕድ የታሰረ በመሆኑና ይህም ውሕድ ካልሲየምን አጣብቆ ስለሚይዝ፣ የተበላው 16 ግራም ሙሉ በሙሉ ወደ ደም አይገባም፤ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲወርድ ደግሞ በአንገት ውስጥ የሚገኙት ፓራታይሮይድ የተባሉ ትናንሽ ዕጢዎች ሆርሞን ያመነጫሉ፤ ሆርሞኑም ካልሲየሙን ከአጥንት እየሸረሸረ ወደ ደም ይመልሳል። ደሙ ሒሳቡን የሚያስተካክለው ከአጥንቱ እየተበደረ ስለሆነ ፈረሱ ለረጅም ጊዜ ደኅና ይመስላል፤ የደም ምርመራ እንኳ ብዙ ጊዜ ካልሲየሙን በመደበኛ መጠን ያሳያል። ዕዳው የሚታየው ፈረሱ አንዴ በዚህ እግሩ፣ አንዴ በዚያ ማነከስ ሲጀምርና የፊቱ አጥንት ሲያብጥ ሲሆን፣ በአውሮፓ የወፍጮ ቤት ፈረሶች ፉርሽካ ይመገቡ ስለነበር በሽታው የወፍጮ ቤት በሽታ የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ሲያነክስ የሚታየው ፈረስ ኮብልስቶኑ ጎዳው፣ ጭነት በዛበት መባሉ የተለመደ ነው፤ ስለ ከሳም ፉርሽካ ይጨመርለታል፤ በዚህም ከአጥንቱ የሚነሳው ብድር ይጨምራል።

የዚህ አምድ ዝንባሌ በዩስቱስ ፎን ሊቢግ ስም የሚታወቀውን የአነስተኛውን ሕግ፣ ማለትም ዕድገትን የሚወስነው ከሁሉ የጎደለው ንጥረ ነገር ነው የሚለውን አስተሳሰብ ለመኖ ገበያም መጠቀም ነው፤ ከዚህ አንጻር የማዕድን ዋጋ መለካት ያለበት በኪሎ ሳይሆን የጎደለው ነገር አንድ ግራም በስንት ብር ተገዛ በሚል ነው። የአጥንት ዱቄትና ዲሲፒ በሚል አጠራር የሚታወቀው ዳይካልሲየም ፎስፌት በካልሲየምም በፎስፈረስም የበለጸጉ ተብለው ሲወደሱ፣ ፉርሽካ ለሚበላ ፈረስ ግን ሁለተኛው በረከት ሸክም ነው። 30 በመቶ ካልሲየምና 14 በመቶ ፎስፈረስ ካለው የአጥንት ዱቄት 100 ግራም ቢጨመር ካልሲየሙ 46፣ ፎስፈረሱ 51 ግራም ይደርሳልና ምጣኔው አሁንም አይቃናም፤ በመኖ ነጋዴዎች ዘንድ ላይምስቶን ከሚባለው፣ 38 በመቶ ገደማ ካልሲየም ካለውና ፎስፈረስ ከሌለው የኖራ ድንጋይ ዱቄት 60 ግራም ቢጨመር ግን ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፤ 100 ግራም ቢጨመር ደግሞ ምጣኔው ወደ አንድ ተኩል ይጠጋል። 100 ግራም ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም የማይርቅ መጠን ሲሆን፣ 50 ኪሎ የሚይዝ አንድ ከረጢት ለአንድ ፈረስ 500 ቀን ይበቃል። ፈረስ የተረፈውን ካልሲየም በሽንቱ ስለሚያስወጣ ትንሽ መብዛቱ አያሳስብም። ዱቄቱ በደረቁ ከተነሰነሰ ለመኖ ማቅረቢያ በግማሽ በተቆረጠው ጀሪካን ግርጌ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ፉርሽካው በውኃ ከራሰ በኋላ ቢለወስ ግን ከቅንጣቱ ጋር ተጣብቆ ይበላል። ለግንባታና ለግድግዳ የሚውለው የተቃጠለ ኖራ ሌላ ነገር ነው፤ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላልና ወደ መኖ መቅረብ የለበትም። መሬት ያለው ሰው አልፋልፋ ቢያበቅል ደግሞ አንድ ኪሎው ድርቆሽ ከ12 እስከ 14 ግራም ካልሲየም ይሰጠዋል።

ከውጭ የሚመጣ ዝግጁ ምርትም የኖራ ድንጋዩን አይተካም። በብሪታንያና በአየርላንድ ገበያ መኖ አመጣጣኝ ተብሎ የሚሸጠው የተጠቀጠቀ መኖ፣ በ100 ኪሎ ክብደት 100 ግራም ያህል የሚሰጥ፣ ፕሮቲን፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ ሴሊኒየምና ቫይታሚን የታመቀበት ምርት ነው። ይህ ምርት የተቀመመው ሣርና ድርቆሽ ጠግቦ ለሚውል፣ ጉልበት የማያንሰው ግን ጥቃቅን ማዕድናት ለሚጎድሉት ፈረስ በመሆኑ የሚያመጣጥነው አምራቹ ያሰበውን መኖ ብቻ ነው፤ 3 በመቶ ካልሲየም ያለው ቢሆን እንኳ 250 ግራሙ የሚያዋጣው 7 ግራም ተኩል ሲሆን፣ የ3 ኪሎ ፉርሽካን ዕዳ አይከፍልም። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ከውጭ የሚገባ ቅይጥ ማዕድን በብር ሲገዛ የሚጠይቀው ዋጋ ከፍ ብሏል።

ውድነቱን ለመሸሽ ወደ ዶሮ ፕሪሚክስ መዞር አደገኛ ነው። በአንዳንድ የዶሮና የከብት መኖ ውስጥ የሚገባው ሞኔንሲን የተባለ ፀረ ኮክሲዲያ መድኃኒት ዶሮን የሚጠብቅ ሆኖ ሳለ የፈረስን የልብ ጡንቻ ያበላሻል፤ በትንሽ መጠንም ይገድላል። ለከብት የሚዘጋጀው ዩሪያ ያለበት የሞላሰስ ጡብም ለማያመነዥግ እንስሳ ብዙ አይጠቅምም። አሞሌ ጨው ግን የራሱ ቦታ አለው፤ ፈረስ በላቡ ብዙ ሶዲየምና ክሎራይድ ስለሚያጣ ከዳናክል የሚመጣውን አሞሌ በጋጣው ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ አዮዲን ያልተጨመረበትና ከሞላ ጎደል ንጹሕ ጨው መሆኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ የካልሲየሙን ጉዳይም አይፈታም።

የኢትዮጵያ የፈረስ ቁጥር ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነው የሚለው ይፋ አኃዝ በገጠር አርሶ አደር ቤተሰቦች ላይ ከሚደረግ የናሙና ጥናት የሚመነጭ በመሆኑ፣ ፉርሽካ በገንዘቡ የሚገዛው የከተማ ጋሪ ፈረስ ከዚያ ቆጠራ ውጭ ይቀራል። በዚህ አኃዝ ላይ የሚቆም የመኖ ፍላጎት ስሌት ጭድና ግጦሽ ያለውን ፈረስ እንጂ በከረጢት የሚኖረውን አያይም፤ ለፈረስ የተቀመመ ማዕድን በመኖ ሱቅ ብርቅ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይህ ሳይሆን አይቀርም። የሚቀርበውም ምርት ካልሲየሙና ፎስፈረሱ በመቶኛ ካልተጻፈበት ከላይ የተሠራው ሒሳብ ሊሠራበት አይችልም። ምጣኔው ከተስተካከለ ማነከሱ በሳምንታት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል፤ አጥንቱ ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል፤ ያበጠው የፊት አጥንትም ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞው ቅርጹ አይመለስም።