ፖምፓው ከመፈታቱ በፊት

አሮጌ የናፍታ ፒክአፕ ዳገት ላይ ማሳልና መቆራረጥ ሲጀምር ጋራዥ ውስጥ ቀድሞ የሚወቀሰው ለሞተሩ ናፍታ የሚሰጠው ፖምፓ ነው። ባለቤቱም ፍርዱን ለመቀበል አይቸገርም፤ ፖምፓ ውድ ነው፣ ውስጡ አይታይም፣ አሳምሮ የሚሠራውም ጥቂት ሰው ነው። ተፈትቶ ይታጠባል፤ ካልሆነም የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ በተገዛ ሌላ አሮጌ ይቀየራል። መኪናው ግን በሚቀጥለው ዳገት ላይ ያው ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከፖምፓው ወዲህ፣ እምብዛም ዋጋ በማያወጣ የጎማ ቱቦ ወይም ፊልትሮ ላይ ነው።

ለዚህ ጉዳይ አሮጌው ቶዮታ ሃይሉክስ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሃይሉክስ ለገበያ የቀረበው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከጊዜ በኋላ የመጡት፣ ሾፌሮች ስሪ ኤል እና ፋይቭ ኤል የሚሏቸው ሞተሮቹ ባለ 2.8 እና ባለ 3 ሊትር ናፍታ ናቸው። ተርቦ የላቸውም፤ የነዳጅ መጠን የሚመጥን ኮምፒውተርም የላቸውም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለውን ጠግኖ ማቆየቱን መርጧል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥሩ መካኒክ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ይጠይቃል። የሚያስለው መቼ ነው? ጠዋት ሲነሳ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ ነው? ቆሞ ካረፈ በኋላ ይሻለዋል? ሾፌሩ እነዚህን በትክክል ከመለሰ የምርመራው ግማሽ አልቋል። «ጉልበት አጣ» ብቻ ብሎ ቁልፉን አስረክቦ የሚሄድ ደንበኛ ግን ለግምት ነው የሚከፍለው።

ከጎሐ ጽዮን ወርዶ የዓባይን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ ወደ ደጀን የሚወጣን ሃይሉክስ እናስብ። ከወንዙ እስከ አፋፉ ያለው ከፍታ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሞተሩም ያለ ዕረፍት ብዙ ናፍታ ይጠጣል። መኪናው መጀመሪያ ደህና ይስባል፤ ትንሽ ቆይቶ ይዝላል፣ ያስላል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ሾፌሩ ጥግ ይዞ ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ያስነሳዋል፤ ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ ያው ይደገማል። ይህ የፖምፓ ጠባይ አይደለም። ነዳጅ ታንኩ ውስጥ ያለው ወንፊት በዝገትና በጭቃ ሲደፈን የሚታይ ነው፦ ሞተሩ በኃይል ሲስብ ቆሻሻው ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፤ ሲጠፋ ደግሞ ተላቆ ታች ይሰፍራል። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ከጀሪካን ቀድቶ የሞላ መኪና ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ተመሳሳይ ጠባይ የሚያመጣ ሌላም ነገር አለ፤ ለማወቅም ሳንቲም አይጠይቅም። የታንኩ መተንፈሻ ከተደፈነ ናፍታው ሲቀንስ አየር ቦታውን መተካት አይችልም፤ ታንኩ ውስጥ ባዶነት ተፈጥሮ ነዳጁን ወደ ኋላ ይይዘዋል። መኪናው ማሳል እንደጀመረ ቆሞ የታንኩን ክዳን መክፈት ነው። ፉጨት ከተሰማና ሞተሩ ወዲያው ከተስተካከለ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው።

በእነዚህ ሞተሮች ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ታንኩ ውስጥ ናፍታ ገፍቶ የሚልክ ፓምፕ የለም፤ ከሻንሲው ሥር ባለው ረጅም ቱቦ ከታንኩ ጀምሮ ናፍታውን የሚስበው ራሱ ፖምፓው ነው። ስለዚህ ቱቦው ቢሰነጠቅ፣ ፋሸታው ቢላላ፣ ወይም ፊልትሮው ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ ጎማው ቢያረጅ፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ናፍታ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። በተቀደደ ስትሮው ለስላሳ እንደ መጠጣት ነው። ሥሩን አጎንብሶ አይቶ «ምንም አያፈስም» ብሎ መደምደም የማያዋጣው ለዚህ ነው። የእጅ ፓምፑን ካልገፉ ጠዋት የማይነሳ መኪና፣ ከተነሳም በኋላ ሚኒሞ ላይ የሚንገጫገጭ መኪና፣ አየር እያስገባ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ሰጥቷል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቱቦ ማስገባትና ሞተሩን ማስነሳት፤ አረፋ ከታየ አየር አለ። ከዚህም የተሻለው ታንኩን ጨርሶ መዝለል ነው። በንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ናፍታ ይዞ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ፖምፓው ቱቦ መስደድ፤ የመመለሻውንም ቱቦ እዚያው ጀሪካን ውስጥ መክተት። ሞተሩ እንዲህ ሆኖ ደህና ከሠራ ፖምፓውም ናፍታውን የሚረጩት ኖዝሎችም ነፃ ወጡ፤ ፍለጋው ከፊልትሮው ወደ ኋላ ነው። ይህን ሳይሞክር ፖምፓ የሚፈታ ጋራዥ ቸኩሏል።

የናፍታ ፊልትሮው ራሱ ከሁሉ ቀድሞ መቀየር አለበት፤ ዋጋውም ቢሆን ክርክር አያስነሳም። ከሥሩ የተጠራቀመ ውኃ የሚፈስበት ብሎን አለ፤ በየጊዜው ላላ አድርጎ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ውኃ ከናፍታ ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ ደረጃውን ካለፈ ግን ፖምፓውን ያዝገዋል። ያን ጊዜ ፖምፓው እውነትም ይታመማል።

ኖዝል ለመመርመር መካኒኮች ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የእያንዳንዱን የናፍታ መስመር ዳዶ በየተራ ያላላሉ። አንዱ ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞውኑ አይሠራም ነበር። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፤ እነዚህ መስመሮች ውስጥ ያለው ግፊት ከ100 ባር በላይ ስለሆነ የሚረጨው ናፍታ ቆዳ በስቶ ሊገባ ይችላል። ጣት አስጠግቶ መፈተሽ ለሆስፒታል ያበቃል።

ጭስም ይናገራል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ ነጭ ከሆነ ያልነደደ ናፍታ ወይም ከራዲያተር የገባ ውኃ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ለናፍታው የሚበቃ አየር የለም። አቧራ መንገድ ላይ የሚውል መኪና የአየር ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል።

ጥቁር ጭስ ሁሉ ግን ብልሽት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ለቆላ የተስተካከለ ፖምፓ እዚህ ትርፍ ናፍታ ስለሚሰጥ ያጨሳል። አንዳንዱ መካኒክ «ጉልበት ልጨምርልህ» ብሎ የፖምፓውን ብሎን አጥብቆ ናፍታውን ይጨምረዋል። አየር በሌለበት ናፍታ መጨመር ጭስና ሙቀት መጨመር ነው፤ ተጎጂው ቴስታታው ይሆናል።

ቤንዚን ፒክአፕ ላይ ታሪኩ ይለያል። እዚያ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቦቢናና ካርቡራቶር በየተራ ይታያሉ። ሲሞቅ እየጠፋ ሲበርድ የሚነሳ ከሆነ ቦቢናውን መጠርጠር ነው፤ መተሐራና አዋሽ ሙቀት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተኖ መንገድ ዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ሞተሩ ምንም ሳይሆን መኪናው የሚዝልበትም ጊዜ አለ። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ከጉዞ በኋላ አንዱ ቸርኪዮ ብቻ ከሌሎቹ ይበልጥ ከጋለ ፍሬኑ ይዞታል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ፖምፓው ብቻውን ተጠርጣሪ ሆኖ ከቀረ አንድ የታወቀ ምልክት አለ። ውስጡ ያለቀ ፖምፓ ጠዋት በርዶ ሳለ መኪናውን ደህና ያስነሳል፤ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ግን ናፍታው ስለሚቀጥን በተበላው ብረት መካከል ያመልጣል፤ መኪናውም አይነሳም። እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጣል ተደርጎ ጥቂት ከቀዘቀዘ በኋላ ከተነሳ ጥርጣሬው እውነት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ በቀጥታ መድፋት ግን የጋለውን ብረት ሊያጣብቀው ይችላል። ያኔ ፖምፓው ከአራቱ ኖዝሎች ጋር ተፈትቶ፣ መፈተሻ ማሽን ወዳለው ጋራዥ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ማሽኑ ላይ ሲለካ ቆሞ ማየት ይችላል።