አነስተኛ ድጋፍ ለተማሪዎች ችግኝ፦ ገንዘቡ መቼ ይድረስ?

ተማሪዎች አቅደው ለሚመሩት የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚሰጥ አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ ከሚውልባቸው ሥራዎች አንዱ ችግኝ አፍልቶ መትከል ነው። ጉልበቱ የተማሪዎቹ በመሆኑ ወጪው ዘር፣ የችግኝ ፕላስቲክና ውኃ ማጠጫ ከመግዛት ብዙም አያልፍም። ፈተናው ከብሩ መጠን ይልቅ ጊዜው ነው።

ግራቪሊያም ሆነ ዋንዛ ለተከላ እስኪደርስ በችግኝ ጣቢያ ወራትን ይፈልጋል። ለሐምሌ ተከላ የሚሆን ዘር በበጋ መዘራት ስላለበት፣ ሰኔ ላይ የተለቀቀ ገንዘብ ሌሎች ያፈሉትን ችግኝ ከመግዛት በቀር አያገለግልም። ተከላው ደግሞ የሚከናወነው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ክረምት ነው። ተማሪዎቹ ወደየቀያቸው በሄዱበት ወቅት ማን እንደሚተክል በዕቅዱ ካልሰፈረ፣ ችግኙ በፈላበት መደብ ላይ ይቀራል።

በዕቅድ ውስጥ በቀላሉ የሚዘነጋው ግን ከመኸር በኋላ ያለው ጊዜ ነው። እህል ከተሰበሰበ በኋላ ከብት በየማሳው ይለቀቃል፤ አጥር የሌለውን ችግኝ ለመጨረስ አንድ ቀን ይበቃዋል። ይህን ገንዘብ ብቻውን አይፈታውም። በመሆኑም ክበቡ የድጋፍ ማመልከቻውን ከመጻፉ በፊት የተከላ ቦታውን ከልቅ ግጦሽ ስለመጠበቅ ከአካባቢው አርሶ አደሮች ጋር ሊስማማ ይገባል። ድጋፍ ሰጪዎችም የተተከለውን ብቻ ሳይሆን በቀጣዩ ዓመት የጸደቀውን ችግኝ ቁጥር ቢጠይቁ፣ ተማሪዎቹ ከብሩ ጥቂቱን ለበጋው እንክብካቤ ለማስቀረት ምክንያት ያገኛሉ።