ልጅን ከነቤቱ

እ.ኤ.አ. በ1917 የአዮዋ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ሕፃናትን የሚያጠና የምርምር ጣቢያ ሲከፈትበት፣ ለዚህ ቀን ከዐሥር ዓመት በላይ የወተወቱ አንዲት እናት ነበሩ፤ ወይዘሮ ኮራ ባሲ ሂሊስ። ክርክራቸው ቀላል ነው፦ አሳማና በቆሎ በምርምር ከተሻሻሉ፣ ልጅስ ምርምር አይገባውም? ዛሬ በአሜሪካ «የሰው ልጅ ዕድገትና የቤተሰብ ጥናት» የሚባለው የዶክትሬት ትምህርት የበቀለው ከእንዲህ ያለ ጥያቄና ከባልትና ትምህርት ክፍሎች ነው።

ጅማሬው ሁሉ ግን አያኮራም። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከ1920 አካባቢ ጀምሮ ለዐሥርት ዓመታት ከማሳደጊያ ሕፃናት እያመጣ ለባልትና ተማሪዎቹ መለማመጃ ያደርግ ነበር። ተማሪዎቹ ሕፃኑን በተራ ያጥቡታል፣ ያበሉታል፣ ያስተኙታል፤ ኋላም ለማደጎ ይሰጣል። ሲከፋው የማንን ፊት ይፈልግ ነበር? ይህን ባሰብሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ይህንኑ ጥያቄ የሕይወት ሥራዋ ያደረገችው የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስወርዝ ናት። በ1950ዎቹ አጋማሽ ካምፓላ አጠገብ ባሉ የኡጋንዳ መንደሮች ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችን ከነጨቅሎቻቸው ተመለከተች። የኮርኔሉ ዩሪ ብሮንፈንብሬነር ደግሞ በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ልጅ መጠናት ያለበት ከቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከወላጆቹ ሥራና ከአገሩ ሕግ ሳይነጠል ነው አለ። ለእኔ የዘርፉ የጀርባ አጥንት ይህ ነው።

የዶክትሬት ትምህርቱ ባብዛኛው አምስት ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ኮርስ፣ የብቃት ፈተና፣ ከዚያ የመመረቂያ ጥናት። ብዙዎች በማስተማርና በምርምር እያገዙ ክፍያቸው ይሸፈንላቸዋል። ስታቲስቲክሱ ይከብዳል፤ እኔ ግን ትዕግሥቱ ይብሳል ባይ ነኝ። ልጅ ለተመራማሪ ብሎ ቶሎ አያድግም። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ግሌን ኤልደር በ1974 ስለ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ልጆች የጻፈው በ1920 እና በ1921 የተወለዱ 167 የኦክላንድ ልጆችን መዝገብ ይዞ ነው፤ መዝገቡን የጀመሩት ከእርሱ በፊት የነበሩ ናቸው። ዛሬም ብዙ የዶክትሬት ተማሪ ሌሎች ለዓመታት ባጠራቀሙት መረጃ ላይ ይሠራል።

ከእነዚህ መዛግብት አንዱ የእኛን ልጆች ይዟል። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ያህል ልጆችን ይከተላል፤ 3,000 ያህሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ያኔ በእናታቸው ጀርባ የታዘሉት አሁን ከሃያ ዓመት አልፈዋል። ምን በልተው፣ የት ተምረው፣ ቤታቸው ምን ደርሶበት እንዳደጉ በየዙሩ ተጽፎ ተቀምጧል።