የታብሌቱ ጉልበት የት ይገባል?

ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ መሀል ከተማ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ ታብሌት የሚጠይቅ ሰው በቅድሚያ የሚሰማው ቁጥር ነው፤ ራሙ ይህን ያህል፣ ሜሞሪው ይህን ያህል፣ ፕሮሰሰሩ ባለ ስምንት ኮር። ቁጥሩ በየዓመቱ ያድጋል። ዕቃው ቤት ተወስዶ ሲከፈት ግን የሚሠራበት ነገር ካቻምና ከነበረው ብዙም አይለይም፤ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራም፣ የልጆች ጌም፣ ፒዲኤፍ ማንበብ። ሃርድዌሩ ሮጧል፤ ሶፍትዌሩ አብሮት ሮጧል ወይ?

መጀመሪያ በዓለም ላይ ጠንካራ ከሚባሉት ታብሌቶች አንዱን እንይ፤ ጉዳዩ የርካሽ ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ የሚገባን ያኔ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አይፓድ ፕሮ ውስጥ የገጠመው ኤም 1 ቺፕ፣ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ማክቡክ ኤር በተባለው ላፕቶፑ ውስጥ ያስገባው ያው ቺፕ ነው። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ሞዴልም አብሮ ወጣ። ሆኖም የዚያን ጊዜው ሲስተም አንድ መተግበሪያ ከ5 ጊጋባይት አካባቢ በላይ ራም እንዲጠቀም አይፈቅድም ነበር። ገንዘብ የተከፈለበት ራም አለ፤ መተግበሪያው ግን አይደርስበትም። ገደቡ የላላው በዚያው ዓመት በመጣው አይፓድ ኦኤስ 15 ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? አይፓድ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወለድ ሲስተሙ የአይፎን ሲስተም ነበር። የራሱን ስም ያገኘው በ2019 ነው። የአንድሮይድ ታብሌትም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም፤ ሁለቱም የስልክ ልጆች ናቸው። የስልክ ሲስተም ደግሞ የተሠራው ትንሽ ባትሪን ለመቆጠብ ነው። እናንተ የምታዩት መተግበሪያ ብቻ ይሠራል፤ ከስክሪኑ የወጣው እንዲተኛ ይደረጋል፤ ራም ሲያጥር የተኛው ይዘጋል። ስልክ ላይ ይህ ብልህነት ነው፤ ባትሪው እስከ ማታ የሚያደርሰን በዚህ ምክንያት ነው። ትልቅ ሥራ ላይ ግን ያው ብልህነት እግር ይይዛል። በአይፓድ ላይ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብሮ "ኤክስፖርት" ያለ ሰው፣ ያ እስኪያልቅ ሌላ መተግበሪያ ከፍቶ መሥራት ለዓመታት አልቻለም፤ ከወጣ ሥራው ይቆማል። ረጅም ሥራ ከጀርባ እንዲቀጥል የሚያስችል መንገድና እንደ ኮምፒውተር በነፃነት የሚንቀሳቀሱ መስኮቶች የመጡት እ.ኤ.አ. በ2025 በአይፓድ ኦኤስ 26 ነው። ቺፑ ከተገጠመ አራት ዓመት አልፎት ነበር።

ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል፦ የመኪናው ሞተር የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው፣ ፍጥነቱን የሚወስነው መጠምዘዣው ነው።

በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል ምህንድስና የሚማር ልጅ ላላቸው ወላጆች ደግሞ ጉዳዩ የገንዘብ ጥያቄ ነው። ልጁ ለሕንፃ ስሌት የሚያስፈልገው ኢታብስ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ኦቶካድ ለታብሌት የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ አለው፤ ሥዕል ለማየትና ለማረም ይበጃል፣ የላፕቶፑን ሥራ ግን አይተካም። ስለዚህ ውድ ታብሌት ከሚገዛለት ይልቅ ያገለገለ ላፕቶፕ ቢገዛለት ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። ታብሌቱ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ሙያው የሚጠይቀው ፕሮግራም ስላልተጻፈለት ነው።

ያልተጻፈበት ምክንያት ደግሞ ሒሳብ ነው። ሶፍትዌር የሚጽፉ ሰዎች ተጠቃሚ ይቆጥራሉ፤ ስልክ የያዘው ሕዝብ ታብሌት ከያዘው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ለስልክ ይጽፉና ታብሌት ላይ ለጥጠው ይተዉታል። ዋትስአፕ ለአይፓድ የተሠራ መተግበሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025፣ ኢንስታግራም ደግሞ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነው። አይፓድ ሱቅ ከገባ 15 ዓመት ሆኖት ነበር። አፕል ራሱ ካልኩሌተር አይፓድ ላይ ያስገባው በ2024 ነው! ዓለም ላይ ያሉት ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን ያህል ከቆዩ፣ አንድ የአገር ውስጥ ባንክ መተግበሪያ ታብሌት ላይ እንደ ስልክ ቀጥ ብሎ ቢቆምና አልዞርም ቢል ብዙ አያስገርምም።

አንድሮይድ ይህን ለማስተካከል ብዙ ጊዜ ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለታብሌት ብቻ የተዘጋጀ አንድሮይድ 3.0 አወጣ፤ በ2022 ለትልቅ ስክሪን የታሰበውን 12ኤል አመጣ። ከሁሉ ጠንከር ያለው እርምጃ በ2025 የመጣው የአንድሮይድ 16 ነው። ሲስተሙ የስክሪኑን ስፋት የሚለካበት የራሱ አሃድ አለው፤ ከ600 አሃድ ጀምሮ ያለውን እንደ ትልቅ ስክሪን ይቆጥረዋል። ለዚህ ለአዲሱ ስሪት የተዘጋጀ መተግበሪያ በእንደዚህ ዓይነት ስክሪን ላይ "ቀጥ ብዬ ብቻ ነው የምከፈተው" ቢል ሲስተሙ አይሰማውም፤ ያዞረዋል፣ ሙሉውን ስክሪን ይሰጠዋል።

ግን አንድሮይድ 16 ደሴ ውስጥ ያለ ታብሌት ላይ እንዴት ይደርሳል? እዚህ ላይ ሰንሰለቱን ማወቅ ያሻል። ጉግል ሲስተሙን ይጽፋል። ከዚያ ሚዲያቴክ፣ ኳልኮም፣ ዩኒሶክን የመሰሉ ቺፕ ሠሪዎች ለቺፓቸው እንዲስማማ ያደርጉታል፤ ቀጥሎ የታብሌቱ አምራች የራሱን ነገር ጨምሮ ይፈትሸዋል፤ በመጨረሻ በኢንተርኔት ይላካል። ከእነዚህ አንዱ "ለዚህ ሞዴል ከእንግዲህ አልደክምም" ካለ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ርካሽ ታብሌት ላይ ብዙ ጊዜ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ይዞት በመጣው አንድሮይድ ይኖራል፣ በእሱው ያረጃል። በንጽጽር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አይፓድ ኤር 2 በ2021 የመጣውን አይፓድ ኦኤስ 15 አግኝቷል፤ ቺፑንም ሲስተሙንም የሚሠራው አንድ ኩባንያ ስለሆነ ሰንሰለቱ አጭር ነው።

የእኛ አካባቢ የራሱ እንቅፋትም አለበት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ ያን ጊዜ ዋይፋይ ያላገኘ ታብሌት አፕዴትም አላገኘም። መተግበሪያ በዜንደር ከወዳጅ ወደ ወዳጅ መተላለፉም የተለመደ ነው። ይህ ዳታ ይቆጥባል፤ ግን ከወዳጅ የመጣው ቅጂ የቆየ ከሆነ በላዩ ያለው ያልተደፈነ የደኅንነት ቀዳዳም አብሮ ይቆያል።

ታብሌቱ "ስታክ አደረገ" ሲባል ብዙ ሰው ፕሮሰሰሩን ይጠረጥራል። እኔ መጀመሪያ የማየው ማከማቻውን ነው። በርካሽ ታብሌት ውስጥ ያለው ማከማቻ አብዛኛውን ጊዜ ዘገምተኛው ዓይነት ነው። መረጃ የሚጽፈው በትንንሽ ክፍል ሲሆን የሚያጠፋው ግን በትልልቅ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ሊሞላ ሲቃረብ አንድ ፎቶ ለማስቀመጥ እንኳ ሌላውን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ይኖርበታል። ባለ ስምንት ኮሩ ፕሮሰሰር ይህ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። ሩቡን ያህል ባዶ ማድረግ ብቻውን ብዙ ታብሌቶችን ያነቃቸዋል። በማሸጊያው ላይ "4+4" ተብሎ የተጻፈውን ራምም ልብ በሉ፤ ሁለተኛው 4 ከዚሁ ዘገምተኛ ማከማቻ የተበደረ ነው፣ የእውነተኛ ራም ፍጥነት የለውም። ስም በሌላቸው ታብሌቶች ላይ ደግሞ የአንድሮይዱ ቁጥር ራሱ ተቀይሮ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የመጨረሻው የደኅንነት አፕዴት የተጻፈበትን ቀን ማየት ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ "አዲስ" የተባለው ዕቃ የሦስት ዓመት ቀን ካሳየ ሰንሰለቱ ድሮ ተቆርጧል ማለት ነው።

የሃርድዌርና የሶፍትዌር አለመገጣጠም አገራችን ውስጥ በግልጽ የታየበት አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ በኩል ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት በየመንደሩ ወደ 20 የሚጠጉ ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ከሶላር ቻርጀር ጋር ሰጠ። ዙም የዚያ የአንድሮይድ 3.0 የመጀመሪያ ታብሌት ነበር። ካሜራው በሶፍትዌር ተቆልፎ ነበር የተሰጠው። በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ መቆለፊያውን አልፈው ካሜራውን ከፈቱት፤ ይህን የተናገሩት የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ናቸው። ዓለም በልጆቹ ተደነቀ፤ መደነቁም ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ልጆቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚዘምሩት የእንግሊዝኛን ፊደል ነበር፤ በታብሌቱ ውስጥ የተጫነው ይህ ነበርና። የልጆቹ አእምሮና የታብሌቱ ስክሪን ለማንኛውም ፊደል ዝግጁ ነበሩ። የመንደሩን ቋንቋ የሚያስተምር ሶፍትዌር ግን በታብሌቱ ውስጥ አልነበረም።

ወደ ወሎ ስንመለስ ግን የሚያበረታታ ነገር እናገኛለን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእያንዳንዱን ቤተሰብ መረጃ ለዓመታት በወረቀት ፎልደር ይዘው ቆይተዋል። ከ2010 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ጤና ሚኒስቴር ይህን ወደ ታብሌት የሚያሸጋግር ሥርዓት ዘረጋ፤ ኢቺስ ይባላል። የተሠራው ኮምኬር በተባለ፣ ኔትወርክ የሌለበትን ቦታ አስቦ በተዘጋጀ ሶፍትዌር ላይ ነው። ኩታበር ወይም ቃሉ ገጠር ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ነፍሰ ጡር እናት ቤት ገብታ የምትመዘግበው ነገር በቅድሚያ ታብሌቱ ውስጥ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው ከሌላው ጋር አይደበላለቅም። ኔትወርክ ያለበት ስትደርስ የተጠራቀመው በአንድ ላይ ይላካል፤ ሌላ ቦታ የተጨመረውም ወደ እሷ ይመጣል። ለዚህ ሥራ ኤም 1 ቺፕ አያስፈልግም። ተራ ታብሌት ይሠራዋል።

ሥራው በታሰበ መልኩ ሲጻፍ ምን ያህል ትንሽ ነገር ትልቅ ጥቅም እንደሚሰጥ ለማየት የዘመን አቆጣጠሩን ውሰዱ። እናት "ጳጉሜን ሁለት ነው የወለድሁት" ብትል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ የሚሠራ ፎርም ሠራተኛዋን በቃሏ እንድታሰላ ያስገድዳታል፤ ዘመነ ሉቃስ ካለፈ ደግሞ መስከረም በአንድ ቀን ይገፋል። አንድ ቀን ብትሳሳት ላያሳስብ ይችላል፤ አንድ ወር ብትሳሳት ግን የሕፃኑ ክትባት ቀጠሮ ይዛባል። ኮምኬርም፣ ለዳሰሳ ጥናት የሚውለው ኦዲኬም የኢትዮጵያን አቆጣጠር መቀበል ይችላሉ፤ አሥራ ሦስተኛው ወር ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የቺፕ ጉልበት ከቁጥር የማይገባ ነው። የሚያስፈልገው ጳጉሜን የምትባል ወር እንዳለች የሚያውቅና የሚጨነቅላት ፕሮግራመር ነው።

ሥርዓቱ ችግር የለበትም ማለቴ አይደለም። የቤተሰቡ ዝርዝር እየበዛ ሲሄድ ራሙ ያነሰ ታብሌት መረጃ ሲያመሳስል ይዘገያል፤ የተሰበረ ስክሪን ቶሎ አይተካም፤ በብዙ ቦታ ወረቀቱም ታብሌቱም ጎን ለጎን ስለሚሞሉ የሠራተኛዋ ሸክም እጥፍ ነው። በ2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወደ ማዕከል የተላከው መረጃ ይተርፋል፤ ያልተላከው ከታብሌቱ ጋር ይጠፋል። በየቀኑ መላክ የሚቻልበት ኔትወርክ ለዚህ ሥራ ከአዲስ ቺፕ ይበልጣል።

በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳም በታብሌት ነበር፤ ጠያቂዎቹ የሰበሰቡትን ለተቆጣጣሪያቸው ያስተላልፉ የነበረው በብሉቱዝ ነው፣ ኢንተርኔት አይጠብቁም ነበር። ያ ሠርቷል። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተገዙት ታብሌቶች ዕጣ ግን የተለየ ሆነ። ሦስተኛው ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ይላል። ለኅዳር 2010 ታቅዶ ወደ 180 ሺህ ታብሌቶች ተገዙ። ቆጠራው ተራዘመ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት።

የቆመ ታብሌት በሁለት በኩል ያረጃል። የሊቲየም ባትሪ ባዶ ሆኖ ከተቀመጠ ከተወሰነ መጠን በታች ይወርድና ከዚያ በኋላ ቻርጅ አልቀበልም ሊል ይችላል፤ ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ በየጥቂት ወሩ እየታየ መቀመጥ አለበት። ሶፍትዌሩ ደግሞ ምንም ሳይነካ ያረጃል፤ ዓለም ወደ አዲስ አንድሮይድ ሲሄድ አዳዲሶቹ መተግበሪያዎች በአሮጌው ላይ አልጫንም ይላሉ። ስለዚህ ለቀጣዩ ቆጠራም ሆነ ለጤና ኬላዎች ታብሌት ሲገዛ በጨረታው ሰነድ ላይ ከራሙና ከሜሞሪው በፊት ሊጻፍ የሚገባው አምራቹ ለስንት ዓመት አፕዴት እንደሚሰጥ ነው፤ ከግዢው በጀት የተወሰነውም አፕዴቱን ለሚጭኑ፣ ፎርሙን ለሚያርሙ፣ የተሰበረውን ለሚጠግኑ ልጆች ይመደብ። ኮምቦልቻ ላይ ኮምፒውተር ሳይንስና ሶፍትዌር ምህንድስና የሚማሩ ወጣቶች ከቃሉ ጤና ኬላዎች ብዙም አይርቁም።