እናቴን ማን ገፋት?

እናቴ የሞተችው እኔን በወለደችበት ሌሊት ነው፤ ከደሴ ወጣ ባለ ገጠር፣ ጤና ጣቢያ ባልነበረበት፣ በልምድ አዋላጅ እጅ። አባቴ ገና በአራስነቴ ለእህቱ ሰጠኝ። ነፍስ ሳውቅ ከስሜ ቀድሜ የለየሁት መጠሪያዬ «ገፊ» የሚለው ነበር።

ቃሉ ምን እንደሚከብድ ለአማርኛ ተናጋሪ መንገር አያስፈልግም። ወላጁ የሞተበትን ልጅ፣ ወላጁን ገፍቶ ጉድጓድ የከተተ አድርጎ ይከሰዋል። የሚገርመው፣ ያው ሕዝባችን ሰው በሞተ ማግሥት ለተወለደ ልጅ «ካሳ»፣ «ምትኩ»፣ «ማስረሻ» እያለ ስም ያወጣል። አንዱ ሕፃን የሐዘን ካሳ ይሆናል፣ ሌላው የሐዘኑ ጥፋተኛ። ሕፃናቱ ያው ናቸው፤ ስም አውጪው ነው የሚለያየው። ይህን ለማየት ግን ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

አክስቴ እናቴን እንደ እህቷ ትወዳት ነበር ይላሉ። ሐዘኗን የምታወርድበት ቦታ አጥታ እኔ ላይ አወረደችው። ይህን ስል ያደረገችውን ማሳነሴ አይደለም። ጎረቤት ምጥ የያዛት ዕለት «ወዲያ ሂጂ፣ አንቺ እግረ ደረቅ» ተብዬ እስከ ወንዙ ድረስ እሸሻለሁ። ላማችን ልትወልድ ስትል እንኳ ከበረት አልደርስም። የምበላው ሁሉም በልቶ ሲያበቃ፣ ማጀት ቆሜ፣ የተረፈውን ነው። ጤና ኮሌጅ ገብቼ የራሴ ትሪ ሲሰጠኝ ተቀምጦ መብላት አቃተኝ፤ ግድግዳ ተደግፌ እጎርሳለሁ። ሰው እግሬን ሲረግጠኝ «ይቅርታ» የምለው እኔ ነበርኩ። ሥራ ከያዝኩ በኋላም የበዓል አዳር ተረኛ ማን ይሁን ሲባል እጄ ቀድሞ ይወጣል። ባልደረቦቼ ደግነት ይመስላቸው ነበር። እኔ ግን ለመኖሬ ዕዳ እየከፈልኩ ነበር።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ ጥጥ እየፈተሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። እማማ ነበር የምላቸው። አመልማሎውን በግራ እጃቸው ይይዙና እንዝርቷን ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ሲለቋት፣ ክሩ ከጣታቸው እንደ ወተት ይሳባል። አንድ ቀን ውኃ ቀድቼ ሳልፍ ጠሩኝ። «ነይ እስቲ፣ ጣትሽ ቀጫጭን ነው፤ ለድር የሚሆን ክር ያወጣል» አሉኝ። ማግ ወፈር ቢል ያስኬዳል፤ ድር ግን ቀጭንም ጠንካራም መሆን አለበት። በመጀመሪያው ቀን ክሩ ስንቴ እንደተበጠሰብኝ! በተበጠሰ ቁጥር እጄን ወደ ኋላ እሰበስባለሁ፣ ዱላ ጠብቄ። እሳቸው የተበጠሰውን ጫፍ ከባዘቶው ጋር አገናኝተው አንዴ ያሾሩታል፤ ይያያዛል። ምንም አይሉም። ለፋሲካ ሸማኔው ሊወስድ ሲመጣ፣ ከልቃቂቶቹ መካከል አንዷን ለይተው «ይቺ የሷ ናት» አሉት። ሸማኔው ክሩን ሳብ አድርጎ በጣቱ ፈተነው፤ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። 9 ዓመቴ ነበር። ያችን ልቃቂት ዛሬም በመዳፌ ልመዝናት እችላለሁ።

ኤሚ ወርነር እና ሩት ስሚዝ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ በሃዋይዋ የካዋይ ደሴት እንደ ፈረንጆች በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታትለዋል። በድህነት፣ በቤተሰብ ጠብ፣ በወላጅ መጠጥ ወይም ሕመም መካከል ካደጉት ውስጥ ሲሶ ያህሉ ደህና፣ ሠርተው የሚያድሩና ለሰው የሚያስቡ ሰዎች ሆኑ። ምን ረዳቸው? ከተገኙት ነገሮች አንዱ ቢያንስ አንድ የሚያምናቸው አዋቂ ማግኘታቸው ነው፤ አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ መምህር። ሌላው በልጅነታቸው ለሰው የሚጠቅም ኃላፊነት መሸከማቸው ነው። እኔ በአክስቴ ቤትም ከጎህ እስከ ማታ እሠራ ነበር፤ የሠራሁትን «የሷ ነው» ያለ ሰው ግን አልነበረም። ልቃቂቷን ሳስብ ነው ልዩነቱ የገባኝ።

ስለ ራስ ግምት የሚሰጡ ሥልጠናዎች ላይ «መስታወት ፊት ቆመሽ ውድ ነኝ በይ» ይባላል። ሞክሬዋለሁ። ባልኩ ቁጥር ውስጤ «ውሸታም» ይለኛል። በኋላ የካናዳዋ ተመራማሪ ጆአን ውድ ከባልደረቦቿ ጋር እንደ ፈረንጆች በ2009 ያሳተመችውን ጥናት ሳነብ እፎይ አልኩ፤ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች እንዲህ ያለውን ቃል ሲደጋግሙ ይባስ ሊከፋቸው እንደሚችል ታይቷል። ክሱ ሳይመረመር ተከሳሹን ቢያሞግሱት ምን ይጠቅመዋል?

የኔን ክስ የመረመርኩት አዋላጅነት ስማር ነው። መምህራችን ስለ ምጥ ሦስተኛው ደረጃ እያስረዱ ነበር። ልጅ ከወጣ በኋላ የእንግዴ ልጁ ይለቃል፤ ያኔ ማሕፀን እንደ ጡጫ ተጨብጦ የተከፈቱትን የደም ሥሮች መዝጋት አለበት። ካልተጨበጠ ደሙ አይቆምም፤ ጤነኛ ሴት በ2 ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ዛሬ ልጁ በተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን እንወጋለን። በእናቴ ሌሊት መርፌውም፣ መርፌውን የሚያኖሩበት ማቀዝቀዣም፣ መንገድም አልነበረም። ቀጥለው መምህሩ፣ ሕፃን ጡት ሲጠባ የእናቲቱ አካል ይህንኑ ኦክሲቶሲን ያመነጫል፣ ማሕፀኗም እንዲጨበጥ ያግዛል አሉ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አያቴ አንድ ጊዜ ነግራኛለች፤ እናቴ ሳትደክም በፊት ደረቷ ላይ አድርገውኝ ጠብቼ ነበር። ገፊ የተባልኩት እኔ ባለችኝ አቅም ከእናቴ ጎን ነበርኩ።

በዚያ ቀን ተፈወስኩ ማለት ግን አይደለም። እውነቱን ጭንቅላቴ ሲያውቀው ጉልበቴ ገና ቆሞ ይበላ ነበር። ከአንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ ጋር ለወራት ተቀምጫለሁ። ስለ ራሴ የማምነውን ክፉ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ታስጽፈኝና «ማን ነው ያለው? ያኔ ምን ደርሶበት ነበር? ማስረጃውስ?» ትለኛለች። አሰልቺ ሥራ ነው፤ አንዱ ሲነቀል ሌላው ብቅ ይላል። መጀመሪያ ለአንድ የበዓል አዳር «አልችልም» አልኩ። ከዚያ ምሳዬን ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ። አክስቴ ይቅርታ ሳትጠይቀኝ አርፋለች። ይቅርታዋን ብጠብቅ ኖሮ ዛሬም ግድግዳ ተደግፌ ነበር የምበላው።

ባለፈው ክረምት ከሩቅ በሪፈር የመጣች ወላድ ብዙ ደም ፈስሷት ስለነበር አልተረፈችልንም። ወንድ ልጇ ደህና ነበር። አያቱ ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሕፃኑን ስሰጣቸው እጃቸውን ሳይዘረጉ፣ ያችን ቃል በሹክሹክታ አሏት። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «እማማ፣ እኔንም እንዲህ ብለውኝ ነበር» አልኳቸው። ደም ለምን እንደሚፈስ፣ ማሕፀን እንዴት እንደሚጨበጥ፣ ልጃቸው በሕይወት ሳለች ሕፃኑ ምን ያህል ደጋግሞ እንደጠባት ነገርኳቸው። ቀስ ብዬ ነው የነገርኳቸው፤ ልጃቸውን ያጡ ናቸውና።

ብዙ ቆዩ። ከዚያ የሕፃኑን እግር በነጠላቸው ጫፍ ሸፈን አደረጉና «ወተቱን በስንት በስንት ሰዓቱ ነው የምሰጠው፣ ልጄ?» አሉኝ።